ሽማግሌዎቼ ያስታረቋቸው ሁለት ቃላት

ሚስቴን ለማግባት የተጠየቅኩት በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጥሎሽ ያነሳብኝ የለም፤ ዘሬንም የቆጠረ የለም። ስለ ደመወዜም አልጠየቁኝም፤ መምህር መሆኔን ሲሰሙ በአዘኔታ የተውት ይመስለኛል።

ሮቤ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የመጣሁት ከሰሜን ሸዋ ነው። መደቡኝ፣ መጣሁ፣ ብርዱ የአገሬን ብርድ ስለሚመስል ቀረሁ። ተማሪዎቼ ነገረኛ ይሉኛል። "ስጠብቅህ ነበር" ለማለት ዌት በሚለው ፈንታ ኤክስፔክት ያለ ልጅ ካገኘሁ ክፍለ ጊዜው እዚያው ላይ ያልቃል። አማርኛ "መጠበቅ" ብሎ በአንድ ቃል የተገላገለውን ነገር እንግሊዝኛ ለምን ለሁለት እንደከፈለው ሳላስረዳ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኤክስፔክት የሚያደርግ ሰው ይመጣል ብሎ ያምናል፤ ዌት የሚያደርግ ሰው ግን ባያምንም ይቆማል። ሮቤ መናኸሪያ የደሎ መናን አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ ጠዋት አንደኛውን፣ ከሰዓት ሁለተኛውን ያደርጋል። ይህን ስነግራቸው አይስቁም። እኔም ለማሳቅ ብዬ አይደለም።

ከሚስቴ ጋር የተዋወቅነው ታይፎይድ ይዞኝ ነው። ጎባ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ካርዴን ይዛ መጣችና፣ "ሕመሙ ፔይን ነው ወይስ ኤክ?" አለችኝ። ትኩሳት እያቃጠለኝ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጋደምኩ፣ ኤክ ቀስ ብሎ የሚሰነብት ሕመም መሆኑን፣ ፔይን ደግሞ ስለታምም ደብዛዛም ሊሆን እንደሚችል፣ የራስ ምታትን በየትኛው እንደምንጠራ አንድ በአንድ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አባቴም እንደዚሁ ናቸው" አለች። ድምጿ ውስጥ አድናቆት አልነበረም።

አባቷ ጎባ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ከተማው ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፤ ሥጋ ሻጩም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ቄሱም። የማስተማር ዘዴያቸው አንድ ነበር። ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ጠመኔውን ያስቀምጣሉ፣ "ልዩነቱን!" ይላሉ፣ ከዚያ እስኪደወል ዝም። ጎባ ገበያ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ድንች እየመረጡ "ይሄ ስሞል ነው ወይስ ሊትል?" እያሉ ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሳቸው ተማሪዎች ነበሩ።

ላገባት እንደምፈልግ ስነግራት፣ "እኔም እፈልጋለሁ፤ አባባ እሺ ካሉ" አለችኝ።

"እሺ ካላሉስ?"

"ካላሉማ የለም።"

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። እናቷ አርፈዋል። ወንድሞቿ አንዱ አዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። ከአባቷ ጋር የቀረችው እሷ ነች። "ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔ ደግሞ እሷን ካጣሁ ሌላ ሰው እንደማልፈልግ አውቄው ነበር። ወድጃታለሁ፤ በጣም። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ።

ሽማግሌ መላክ ዘመድ ላለው ሰው ቀላል ነው። እኔ ባሌ ውስጥ ዘመድ ስለሌለኝ ሽማግሌ ተዋስኩ። ዋናው አከራዬ ናቸው። ሮቤ ዳር ስንዴ ያርሳሉ፤ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ይናገራሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ከብት የሰው እህል ሲበላ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እዚህ ሽምግልናን ጃርሱማ ይሉታል። አከራዬ የጀመሩት ጃርሱማ ሳይታረቅ ተበትኖ አያውቅም። ከሳቸው ጋር ሁለት ሰው ሄደ፤ ደሎ መና መንገድ ላይ አይሱዙ ሲነዱ ያረጁ ጎረቤታችንና የዕድራችን ዳኛ።

ወጉን ልናገር። የሚያገባው ሰው አብሮ አይሄድም። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ሲገቡ አይቀመጡም፤ ቆመው ነው የሚለምኑት። የልጅቷ አባት የመጡበትን ጉዳይ ጎረቤቱ ሁሉ ቢያውቀውም እንዳላወቀ ሆኖ "ለምን ጉዳይ መጣችሁ?" ይላል። ይነግሩታል። "ልምከርበት፤ ተመለሱ" ይላል። ሲመለሱም አይቷቸው እንደማያውቅ ሆኖ እንደገና "ለምን ጉዳይ መጣችሁ?" ይላል። ልጁን በቀላሉ ሰጠ እንዳይባል ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ማንም አይቀየምም።

እሁድ ሄዱ። እኔ ሮቤ ስልኬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። እሷ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነው በኋላ የደወለችልኝ።

ቲቸር ሦስቱንም አንድ በአንድ አይተው፣ "እንግዳ ናችሁ?" አሏቸው።

"አዎ፣ እንግዳ ነን" አሉ አከራዬ።

"የትኛው? ጌስት ወይስ ስትሬንጀር?"

ሦስቱም ተያዩ። አከራዬ ጉዳዩን እንደ ምንም አቀረቡ፤ ልጅዎን ለልጃችን፣ ልጃችን ጨዋ ነው፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ቲቸር "እንግሊዝኛ" የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "እንግዲያው ልዩነቱን ይላክልኝ" አሉ። "ጌስትና ስትሬንጀር። እሱን ይዛችሁ ተመለሱ።"

በሚኒባስ ሲመለሱ ቃላቱን ተከፋፈሏቸው። ሹፌሩ ጎረቤታችን ጌስትን ያዙ፣ የዕድሩ ዳኛ ስትሬንጀርን ያዙ፣ አከራዬ ባዶ እጃቸውን ሆነው ሁለቱን ይቆጣጠሩ ነበር። ሮቤ ደርሰው አወረዱልኝ። ስትሬንጀር ትንሽ ተጎድቶ ነበር የደረሰው፤ ግን ገባኝ።

ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር ጮቤ ረገጥኩ። ሰው ሁሉ በግና ካፖርት ሲጠየቅ እኔ ሥራዬን ተጠየቅኩ! አስቀምጬ አስረዳኋቸው። ሁለቱንም በአማርኛ እንግዳ እንላቸዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ስትሬንጀር የማታውቀው ሰው ነው። ጌስት ግባ ብለህ ያስገባኸው ሰው ነው፤ ብታውቀውም ባታውቀውም። ስትሬንጀር የሆነ ሰው በር ከተከፈተለት ጌስት ይሆናል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር በተለይ አደራ አልኳቸው፤ አባትየው እንደሚወዷት እርግጠኛ ነበርኩ። አከራዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና "ኢሺ፣ ገብቶናል" አሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ። ቲቸር በሩ ላይ ተቀበሏቸው፤ "ከየት መጣችሁ? ለምን ጉዳይ?" አሉ። አከራዬ ልመናውን ከመጀመሪያ ጀመሩ። ቲቸር አሁንም "እንግዳ ናችሁ፤ ግን ጌስት ወይስ ስትሬንጀር?" ብለው ያንኑ አነሱ። አከራዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቲቸር፣ ሁለቱን አይተናቸዋል" አሉ። "ጌስትም የሰው ልጅ ነው፤ ስትሬንጀርም የሰው ልጅ ነው። ሁለቱም መንገድ ደክሟቸው ነው የሚመጡት። ሁለቱም ይርባቸዋል፣ ሁለቱም ይበርዳቸዋል። በመካከላቸው የነበረው ነገር ትንሽ ነው። አስታርቀናቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ ልዩነት የላቸውም።"

ሁለቱ ጓደኞቻቸው "አሜን" አሉ።

ቲቸር "አልተመለሰም፤ ሂዱና ተመለሱ" አሉ።

ይህንንም በስልክ የነገረችኝ እሷ ናት። አከራዬ ግቢ ሲገቡ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ምን ብዬ ነው የላክሁዎት?"

"ልዩነቱን ነግረኸናል። ጥሩ አድርገህ ነው የነገርከን።"

"በኦሮምኛስ ቢሆን ኬሱማና ኦርማ አንድ ናቸው? የጋበዙትና የማያውቁት ሰው አንድ ነው?"

"ዱጋ፣ እውነት ነው፤ አንድ አይደሉም።"

"ታዲያ ምን ነካዎት?"

"አንተ ልጅ" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "ሴት ልጅ ልለምን ሄጄ ሰው ቤት ልዩነት ይዤ ልግባ? የተጣላ ሳስማማ ነው የኖርኩት። ዛሬ በስተርጅና ሁለት ተስማምተው የተቀመጡትን ላጣላ ወይ? ቃል ሆኑ ሰው ሆኑ፣ እኔ አላደርገውም።"

ልቆጣቸው አልችልም፤ አከራዬ ናቸው። የዕድሩ ዳኛ በበኩላቸው ጉዞውን ወደውታል። "ሰውየው ወግ አዋቂ ናቸው" አሉኝ። "ሁለተኛ ስንሄድ እኮ በሕይወታቸው አይተውን የማያውቁ ነው የመሰሉት። እንዲህ አድርጎ ወጉን የሚጠብቅ ዛሬ የት ይገኛል?"

ለሦስተኛው ጉዞ በሞቴ ብዬ ለመንኳቸው። እንዳታስታርቁ አልኩ። ያልኳችሁን ብቻ በሉ። አከራዬ ፊታቸው ጠቆረ፤ ሆኖም ለኔ ሲሉ እሺ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ እንደ ተማሪ አስጠናኋቸው። ሹፌሩ ጥሩ ውጤት አላቸው። አከራዬ "ስትሬንጀር በር ከተከፈተለት" የምትለው ላይ ሲደርሱ በየጊዜው "ይታረቃሉ" ሊሉ ይቃጣቸዋል፤ ያዝ አደርጋቸዋለሁ።

ሄዱ። እሷ ስልኩን ከፍታ ጓዳ አስቀምጣው ስለነበር ይሄኛውን በጆሮዬ ሰማሁት። "ለምን ጉዳይ መጣችሁ?" አሉ ቲቸር። ልመናው ቀረበ። ከዚያ ጌስትና ስትሬንጀር ለሦስተኛ ጊዜ፣ ልክ አሁን እንዳሰቧቸው ሆኖ፣ ተጠየቁ። አከራዬ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ መለሱ።

"ቬሪ ጉድ!" አሉ ቲቸር። አጨበጨቡ። "ቬሪ ጉድ! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!"

ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ተቀመጡ። ሮቤ ላይ ብቻዬን አልጋዬ ላይ ዘለልኩ፤ አልጋው የአከራዬ ነው፣ አንድ ጣውላ ተሰበረ። ሻይ ሲቀዳ ሰማሁ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀረበ መሰለኝ፣ ሹፌሩ የቅቤውን ሙያ ማመስገን ጀመሩ። ስለ ጎሮ ገበያ፣ ስለ ስንዴ ዋግ አወሩ። ቲቸር ሳቁ። ከዚያ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ።

"ታዲያ" አሉ ቲቸር፣ "ለምን ጉዳይ ነው የመጣችሁት?"

ወንበሮች ተንቋቁ። ሽማግሌዎቼ ተነሱ።

አከራዬ ማታ ሲመለሱ አልተናደዱም፤ ተደምመው ነበር። "ከተቀመጥንበት አስነሱን" አሉኝ። "አብልተው፣ አጠጥተው፣ አጫውተው፣ ከመጀመሪያው መለሱን። እንዲህ ያለ የጨዋ እንቢታ በዕድሜዬ አላየሁም። ልጄ፣ በቃ። ሌላ ቤት እንሂድ።"

እኔ ግን ጨዋነቱ አልታየኝም። ደወልኩላት። አባትሽ ሰው ላይ ይቀልዳሉ ወይ አልኳት። መልሱን ሰምተው፣ አጨብጭበው፣ ምን ይሁን ነው የሚሉት? ሦስት ሽማግሌ እንደ ኳስ ይለጋል ወይ? ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ፣ "ነገ ራስህ ና" አለችኝ።

"እንዴ! ወጉስ?"

"ወጉ ነው እኮ ያጠፋን" አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ጎባ ሄድኩ። ጉሙ ወርዶ የሰው ፊት አያሳይም። ጋቢ ደርባ የግቢው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰላም ሳንባባል፣ "አባባ እንቢ አላሉህም" አለችኝ። "ረስተውት ነው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር አያውቋቸውም። ወግ ሲጠብቁ አልነበረም። እውነትም ለምን እንደመጡ አያውቁም ነበር።"

ራሴን ያዝኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው ስላት፣ እናቷ ካረፉ ወዲህ ቀስ በቀስ የመጣ መሆኑን ነገረችኝ። የድሮውን አይረሱም። ያስተማሩት ቃል ሁሉ እንዳለ ነው። የዛሬው ነው የማይቆየው። በልተው ምሳ ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ የራሳቸውን በር ያልፉታል። ሥራ ስትሄድ ጎረቤት አደራ ትላለች፤ ምሳ ሰዓት ሮጣ መጥታ ታያቸዋለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ሽማግሌ ትልክ ነበር?"

እልክ ነበር ማለት ፈለግኩ። ቶሎ አልወጣልኝም። እሷም መልሱን አልጠበቀችም፤ እንባዋን በጋቢው ጫፍ ጠርጋ በሩን ከፈተችልኝ።

ቲቸር ካፖርታቸውን ለብሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጢማቸውን የተላጩ ሰው ናቸው። እጅ ነሳሁ። ትክ ብለው አዩኝና፣ "በስንተኛው ዓመት ነው ያስተማርኩህ?" አሉኝ።

"አላስተማሩኝም ቲቸር። እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ሮቤ።"

"አሃ!" ወደ ወንበራቸው ጫፍ መጡ። "ሪሜምበርና ሪማይንድ። ልዩነቱን!"

ይህን ጥያቄ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምመልስ እግዜር ይቁጠረው። አማርኛ ሁለቱንም ማስታወስ ይላቸዋል፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ያደባልቋቸዋል። ቆሜ መለስኩ። ሪሜምበር ሰው በራሱ የሚያደርገው ነው፤ ነገሩ ከራሱ ውስጥ ይመጣለታል። ሪማይንድ ግን ሌላ ሰው ነው የሚያደርግልህ።

"ቬሪ ጉድ" አሉ። ግን አላጨበጨቡም። ወደ ጓዳው በር አዩ፤ እሷ እዚያ ቆማ ነበር። "የመጀመሪያው እኔ ጋ አልቋል" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሁለተኛውን የምታደርግልኝ እሷ ናት። እሷ ስትወጣ ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠፋብኛል። እንዳትነግራት።"

እሷ ሰምታለች። እኔም እንደሰማች አይቻለሁ። አንጀቴን በሉት። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን አስተካከሉና እንደ ደህና አባወራ ቀና ብለው፣ "ለመሆኑ ለምን ጉዳይ መጣህ?" አሉኝ።

ቆሜ ስለነበር በዚያው ጀመርኩ። ሽማግሌ የሚለውን ሁሉ እኔው አልኩት፤ ሲያስጠኑኝ ሳይሆን ሳስጠና ነው የለመድኩት። ልጅዎን ይስጡኝ አልኩ። ጨዋ ነኝ አልኩ፤ ይህን ስለራስ መናገር ያሳፍራል።

"ወዴት ልትወስድብኝ ነው?"

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ሮቤ ስለምንከራየው ቤት ነበር የማስበው። ባለ ሁለት ክፍል፣ ውሃ ያለው፣ ቀብድ ልከፍልበት የነበረ ቤት አግኝቼ ነበር። "የትም አልወስዳትም" አልኳቸው። "እኔ ነኝ የምመጣው። እዚህ።"

ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው "ምን ትያለሽ?" አሏት። "እሺ በሉት" አለች። "እሺ" አሉ። ተነስተው ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። ሻይ መጣ። ሻዩን ሳንጨርስ ለምን ጉዳይ እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ተነስቼ ቆምኩ፣ ነገርኳቸው፣ አሁንም እሺ አሉ፣ አሁንም ሳሙኝ።

ሰርጉ ላይ አከራዬ ዋና ሰው ነበሩ። የቲቸርን መርሳት ስነግራቸው፣ "ሦስት ጊዜ ፊታቸው ቆሜ አላየሁትም" ብለው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። የተሰበረውን ጣውላ ግን አልረሱም፤ ሮቤን ስለቅ አስተክተውኛል።

አሁን ጎባ ነው የምኖረው። ጠዋት በሚኒባስ ሮቤ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ቲቸር ዳቦውን ያስቀምጡና ማን እንደሆንኩና ለምን ጉዳይ ቤታቸው እንደመጣሁ ይጠይቁኛል። በመጀመሪያው ሰሞን ባለቤቴ "አባባ፣ ባሌ ነው እኮ" ትላቸው ነበር። እንዲህ ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ ያፍራሉ፤ ቀኑን ሙሉ አይናገሩም። ስለዚህ ተውነው። እነሳና ቆሜ እለምናለሁ። ብዙውን ጊዜ እሺ ይላሉ፤ ይስሙኛል፤ እኔም እንደ ሙሽራ ሆኜ ሥራ እገባለሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ቀን ደግሞ እንቢ ይላሉ። ዛሬ ጠዋት እንቢ አሉኝ። "ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም" አሉ፤ አነጋገራቸው ቁርጥ ያለ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "አባባ፣ እሺ ይበሉት፤ መኪናው ያመልጠዋል" አለች። "ዝም በይ አንቺ፣ የአባት ጉዳይ ነው" አሏት። እሺ ብዬ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ማታ ስመለስ ቆሜ እለምናቸዋለሁ።